አቦይ ተኽሌና የካቶ ቆርቆሮ

ባለፈው ኅዳር ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪዎች ባዘጋጁት ክርክር ተጋብዤ ነበር። ጥያቄው በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ድንገት ዘሎ የሚያስደነግጠው ነገር፣ በሩ ሲከፈት የሚወጣው ፊት፣ ከቁምሳጥን የምትወረወረው ድመት፣ አብሮትም ጆሮ የሚበጥሰው ጩኸት፣ ጥበብ ነው ወይስ ማጭበርበር የሚል ነበር። ተማሪዎቹ ጃምፕ ስኬር ይሉታል፤ እኔ ለራሴ ድንገቴ ብዬዋለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት አራቱም ማጭበርበር ነው አሉ። እውነተኛ ፍርሃት እንደ ወጥ ቀስ ብሎ መብሰል አለበት፣ ጆሮ ላይ መጮህማ ማንም ቂል ይችላል አሉ። ይህን ሐሳብ በተለያየ ሽፋን ሳነበው ነው የኖርኩት፤ የሚጽፉት ሁሉ ራሳቸው ያገኙት አስመስለው ነው የሚጽፉት። አራት ሰው ባንድ ነገር ሲስማማ ደግሞ እኔ አምስተኛ መሆን አልወድም፤ አመሌ ነው።

ተራዬ ሊደርስ ሲል በመስኮቱ ሽታ ገባ። ውጭ አንዲት ሴት ንሴኔኔ ትጠብስ ነበር፤ የኅዳርን ዝናብ ተከትሎ ካምፓላ ላይ የሚወርደውን አረንጓዴ ፌንጣ፣ በገዛ ስቡ፣ በሽንኩርት። እኛ ሐበሾች አንበላውም። ሽታው ግን የሚበላውንና የማይበላውን አይለይም። እኔንም ከመድረኩ ላይ አንስቶ ቡኮቶ ወደሚባለው የካምፓላ ሰፈር፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ዝናብ ወሰደኝ። ለተማሪዎቹ ምን እንዳልኳቸው ትዝ አይለኝም። ማለት የነበረብኝ ግን ይህን ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ፣ አባቴ ደግሞ ዘገየ።

አባቴ ሰይድ የደሴ ሰው ነው፤ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ካምፓላ ላይ አንሶላና ካኪ በጭነት መኪና ይጭንና ወደ ኮንጎ ድንበር ይሄዳል፤ በሃያ ቀን ይመለሳል። ያን ጊዜ ሲሄድ "ንሴኔኔ ሳይወርድ እመጣለሁ" አለ። ንሴኔኔው ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ማለዳ ማለዳ ከሣሩ ላይ በፌስታል ሲለቅሙ፣ ሴቶቹ ክንፉን ሲነቅሉ፣ መንገዱ ሁሉ በክንፍ ተሸፈነ። አባቴ ግን የለም። ስልክ ያለው ሰው በስም የሚታወቅበት ጊዜ ነበር፤ እኛ ከሚታወቁት ውስጥ አልነበርንም።

እናቴ ዘይነብ ስለሱ አትናገርም ነበር። ለየሱቁ የሚሸጥ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች። ከውጭ ኮቴ በሰማች ቁጥር እጇ ሊጡ ላይ ይቆማል፤ ኮቴው ሲያልፍ እንደገና ይንቀሳቀሳል። ሊጥ በየጊዜው ማረፍ እንዳለበት ነግራኝ ስለነበር፣ እኔ ሊጡን እያሳረፈች ይመስለኝ ነበር። ምን ዓይነት ጠንቃቃ ሴት ናት እል ነበር።

ቡኮቶ ላይ የነበረው ሐበሻ፣ ከአስመራም ይምጣ ከጅማ ወይም ከወሎ፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ሰው ሲሞትበት የሚያረዳው አንድ ሰው ነበር። አቦይ ተኽሌ ይባላሉ። ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ። ከሀገር ቤት የሚመጣ የሞት ደብዳቤ ቀድሞ በሳቸው እጅ ይገባል። እሳቸውም ኪሳቸው ውስጥ ከተው ማሰብ ይጀምራሉ።

እምነታቸው አጭር ነበር፤ ድንጋጤ ይገድላል። "ልብ ጡንቻ ነው" ይሉ ነበር፤ "ጡንቻ ሳይሞቅ ከባድ ነገር አይነሳም።" ስለዚህ ሞትን እንደ መድኃኒት በመጠን ይሰጡ ነበር። መጀመሪያ ሰውዬው ሱቅ ብቅ ብለው "ወንድምህን ጉንፋን ቢጤ ይዞታል አሉ" ይላሉ። በማግስቱ ጉንፋኑ ሳል ሆኖ ሐኪም ቤት ያስገባዋል። በሦስተኛው ቀን "በርታ፣ ጸልይለት" ይመጣል። በአራተኛው ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው በሩን በሁለት ጣት ያንኳኳሉ። ደብዳቤው ካምፓላ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅ ስለነበር፣ ሟቹ ከተቀበረ ቆይቷል፣ አርባውም ወጥቷል። አቦይ ተኽሌ ከመቃብር ያስነሱታል፣ ጉንፋን ያሲዙታል፣ በአራት ቀን እንደገና ይገድሉታል።

እኔ ይህን ሁሉ ተከታትዬ የደረስኩበት ነገር ግልጽ ነበር። አቦይ ተኽሌ ሰው የሚገድሉት በአፋቸው ነው። ማክሰኞ "ጉንፋን" ያሉት ሰው ዓርብ ይሞታል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እናቴ ነበረች ምሳቸውን የምትሠራው፤ አድራሿ እኔ ነኝ። በየቀኑ ሳህኑን አስቀምጬ ሲበሉ አፋቸውን አያለሁ፤ የአባቴ ስም እንዳይወጣ። ስሙ ሳይወጣ ምሳው ካለቀ አባቴ አንድ ቀን አተረፈ ማለት ነው።

ሥራዬ ግን ምሳ ማድረስ ብቻ አልነበረም። በመርዶ ዋዜማ አቦይ ተኽሌ "ጓለይ" ብለው፣ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፣ ይጠሩኛል።

"ጓለይ፣ ከነ እንትና ቤት ጨው ተበድረሽ ነይ። አደራ፣ ዓይንሽን ከፍተሽ። በልታለች ወይ? ብቻዋን ናት ወይ? ሆዷስ?"

"ሆዷ ምን?"

"ነፍሰ ጡር ናት ወይ ነው።"

እሄዳለሁ፣ ጨው እቀበላለሁ፣ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። "በልታለች፤ እህቷም አለች" እላለሁ። "መልካም፣ ነገ እንግዲህ" ይላሉ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ያ ቤት ይጮኻል። በጥግ በጥጉ ድምፅ ሳያሰማ ቆሞ የሚጠብቀው ጎረቤት የመጀመሪያዋን ጩኸት ሲሰማ እያለቀሰ ይገባል።

ሴቶቹ ሞኞች አልነበሩም። አራት ቤት እንዲህ ከሆነ በኋላ ጨው ልለምን ብቅ ስል በር የሚዘጉብኝ መጡ። አንዷ ጨው የሞላ ጣሳ አጠገቧ ተቀምጦ "ወላሂ የለኝም፣ ሂጂልኝ" ብላ አለቀሰችብኝ። አቦይ ተኽሌ ወደ ክብሪት ቀየሩት። ክብሪትም ታወቀ። ወደ ሽንኩርት ዞሩ። ወሩ ሲያልቅ ቡኮቶ ላይ ጎረቤቱን ሽንኩርት የሚጠይቅ ሐበሻ ጠፋ። አንዲት የዋህ ሴት ልጇን ለእውነተኛ ሽንኩርት ብትልክ፣ ጎረቤቷ እዚያው በሩ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ባሏ ማኬሬሬ ዳቦ ቤቱ ውስጥ በደህና ሊጥ ያቦካ ነበር።

ቀስ ብሎ የሚበስል ፍርሃት ጥበብ ነው ይሉናል። ጥበብ መሆኑን አልክድም፤ ለጥበቡ ጌታ ምሳ አቅርቤላቸዋለሁ። ግን ያ ጥበብ የሰፈረበት ሰፈር ሽንኩርት አይቶ ይንቀጠቀጣል። የዋህነቱ የተረፈው ነገር የለም፤ ኮቴም፣ ጨውም፣ "እንዴት አደራችሁ"ም ተመርዟል። ይህን ደግሞ ማንም ተማሪ ማጭበርበር አይለውም።

ከአቦይ ተኽሌ ሱቅ ጀርባ፣ ጭቃውን በሳንቃ ተሻግሮ፣ የካቶ ኪባንዳ ነበር። ኪባንዳ በቆርቆሮ የታጠረ ጨለማ ቪዲዮ ቤት ነው፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ በሳንቃ የተሠሩ አግዳሚ ወንበሮች። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ነው፤ ተመልካቹ የሚያውቀው ሉጋንዳ ነው። ስለዚህ ካቶ ማይክሮፎን ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ፣ ፊልሙ እየሄደ እሱም ይተረጉማል። "ይተረጉማል" ያልኩት በአክብሮት ነው። ካቶ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ጥቂት ነበር፤ የቀረውን ከራሱ ይሞላል፤ ብዙ ጊዜም ከፊልሙ ይሻል ነበር።

ከሰዓት በኋላ እዚያ ሳምቡሳ የምሸጠው እኔ ነኝ። እናቴ ዜና የሚታይበት ቤት ይመስላት ነበር፤ እኔም አላረምኳትም። ካቶ አጠገቡ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ያስቀምጠኛል። "የደነገጠ ሆድ ይርበዋል" ይላል፤ እውነቱን ነው። ሰው ዘሎ ከተቀመጠ በኋላ እጁ ሳያስበው ወደ ሳምቡሳዬ ይመጣ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። አንዲት ነጭ ሴት ረጅም ኮሪደር ላይ ሻማ ይዛ ትሄዳለች። ካቶ ናካቶ ብሎ ሰይሟታል፤ የራሱን ስም በሴት አድርጎ ነው። እሱ እንደሚለው ናካቶ ወደ ጓዳ የምትሄደው የጣደችው ባቄላ አርሮ እንደሆነ ልታይ ነው። "ናካቶ ዘንድሮ ስንት ባቄላ አሳረረች" ይላል፤ "ባሏ የበቆሎ ገንፎውን፣ ፖሾውን፣ በባዶው በላ፣ አማቷ ደግሞ ምን አለች መሰላችሁ፣ እኔ በእናንተ ዕድሜ..." እዚህ ላይ፣ አማቷ ያለችውን ሳይጨርስ፣ በሩ ተበረገደ። ካቶም በያዘው አጭር ዱላ የኋላውን ቆርቆሮ ግድግዳ መታው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር፤ ስለዚህ የፊልሙን ድንጋጤ የሚያሟላው ያ ዱላ ነበር።

ቀልቤ ተገፈፈ። እኔ ወዲያ፣ ሳምቡሳው ወዲህ። ኪባንዳው ሙሉ ሰው ባንዴ ተነሥቶ "ባናንጌ" አለ፤ "ኧረ ወገኖች" እንደ ማለት ነው። ካቶ ግን ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ "ድመት ናት፣ ድመት ናት፣ ተቀመጡ። ባቄላውም አላረረም" አለ። ከዚያ የመጣውን ሳቅ ዛሬም የሚያህለው አልሰማሁም። የማይተዋወቅ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ይስቃል። አንድ ግዙፍ ፖሊስ፣ ናጉሩ ጣቢያ የሚሠራ፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ቲማቲም ሻጭ እጇን እንደያዘ ያወቀው ፊልሙ አልቆ ሲወጣ ነው።

ትዕይንቱ ሲያልቅ ካቶን ጠየቅኩት። ከጎዳና የለቃቀምኩት ሉጋንዳ ነበረኝ።

"ለምን ቀድመህ አትነግራቸውም? ሰው ሲደነግጥ ይሞታል እኮ።"

"ማን አለ?"

"የኛ ሙዜ፣ ሽማግሌው። ሐኪም ነበሩ።"

"እዚህ ስንት ሬሳ አየሽ?"

ዞሬ አየሁ። የኦቾሎኒ ልጣጭ ብቻ ነበር።

"ቀስ ብዬ ብነግራቸው" አለ ሽቦ እየጠቀለለ፣ "እያንዳንዱ በየወንበሩ ለየብቻው ይፈራል። ስመታው ግን ባንድነት ይዘላል። አንድ ላይ የዘለለ ሰው አንድ ላይ ነው የሚያርፍ።" ከዚያ ዱላውን አሳየኝ። "ሙያው ደግሞ መምታቱ አይደለም፤ መምታትማ ፍየልም ትችላለች። ከመታሽ በኋላ ዝም አትበይ። እውነቱን ወዲያው ንገሪ። የምትነግሪው ከሌለሽ አትምቺ።"

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ይህን ያህል የገባው ደራሲ አላጋጠመኝም።

ትምህርቱን ለመሞከር አልዘገየሁም። በማግስቱ ከሱቁ ባንኮኒ ሥር ተደብቄ አቦይ ተኽሌ ሲገቡ "ባ" ብዬ ዘለልኩ። እውነቱን ወዲያው መንገር ስላለብኝም "እኔ ነኝ፣ ፋጤ ነኝ" አልኩ። አቦይ ተኽሌ ግን አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ በአንድ እጃቸው የሌላውን አንጓ ያዙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ምታቸውን ቆጠሩ። ስኳር በውሃ አስበጠበጡኝ። ጠጥተው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦

"ስሚ ጓለይ። የምሠራበት ሆስፒታል አንዲት እናት ነበረች። ልጅሽ ሞቷል ብለዋት ነበር። አልሞተም። አንድ ቀን በር ከፍቶ ገባ። አየችው፣ ሳቀች፣ ወደቀች። ያነሣኋት እኔ ነኝ። ሐዘን አልገደላትም፤ ደስታ ነው የገደላት። ለሐዘን ሁላችንም ትንሽ ተዘጋጅተን ነው የምንኖር። ለደስታ የተዘጋጀ ልብ የለም።"

አልዋሹም፤ ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለብዙ ቀን በሩን ሁሉ አሰምቼ አንኳኩቼ መግባት ጀመርኩ።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። አቦይ ተኽሌ ቤታችን በር ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቤታችን መጥተው አያውቁም ነበር።

"ዘይነብ፣ እንዴት ዋልሽ?"

"አልሐምዱሊላህ። ይግቡ እንጂ አቦይ።"

"እቸኩላለሁ። ሰይድን እግሩን ትንሽ አሞታል አሉ።"

የእናቴ እጅ ሊጡ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሊጡን እያሳረፈች አልነበረም።

"እግሩን?"

"ትንሽ ነው።"

"እግሩን ብቻ?"

"ለጊዜው የሰማነው እግሩን ነው" አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ዓርብ ተመልሰው መጡ። ሐኪም ቤት ገብቷል፣ ጥሩ ሐኪም ቤት ነው አሉ። "ማን ነገርዎ?" አለች እናቴ። "ሰው ነው" አሉ። ቅዳሜ ጠዋት "ምግብ ብይ ልጄ፣ በርቺ" ብቻ ብለው ሄዱ። እናቴ ያን ቀን ሳምቡሳ አልሠራችም። ቤቱን ጠረገች፣ ግቢውን ጠረገች፣ የአባቴን ሸሚዞች አጥባ ተኮሰች፣ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተች። አላለቀሰችም። የሚያለቅስ ሰው የሆነ ነገር ያውቃል፤ እሷ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ የምትጠብቀው ብቻ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሳባ መጣች፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ ጓደኛዬ።

"እማማ ዘይነብ፣ ጨው ካለዎት ትንሽ..."

አቦይ ተኽሌ ጨው የተረሳ መስሏቸው ኖሯል። ሳባ እኔን አላየችኝም፤ ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ዓይን ለዓይን አይታይም። እናቴ ጣሳውን ከነክዳኑ አንሥታ ሰጠቻት። "ሁሉንም ውሰጂው" አለች።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሩ በሁለት ጣት ተንኳኳ። እናቴ ለብሳ ነበር፤ ጥቁር ሻሽም አስራለች። ለሽማግሌዎቹ ሁለቱን በርጩማ አቅርባለች፤ እሷ ፍራሹ ጫፍ ላይ ናት። አቦይ ተኽሌ ገቡ፤ ከኋላቸውም የቤታችን አከራይ የሆኑት የጅማው ባለሱቅ ሐጂ ሙስጠፋ። አቦይ ተኽሌ ሻሹን ሲያዩ ግንባራቸው ተቋጠረ። ገና አልተዘጋጀችም ብለው እንዳሰቡ ያወቅኩት በኋላ ነው። ስለዚህ ከወትሮው ይበልጥ ቀስ አሉ።

"ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይፈተን የለም።"

"አዎ አቦይ።"

"ፈጣሪ ሲነሣም ሲሰጥም ያውቃል።"

"አዎ።"

"በልተሻል?"

"አዎ።" አልበላችም ነበር።

"እስቲ ትንሽ ውሃ ጠጪ።" ጠጣች። ጽዋው ጥርሷ ላይ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። አቦይ ተኽሌ ወደ እኔ ዞሩ፤ "ጓለይ፣ አንቺ ወጣ በይ።"

ወጣሁ። ከፊት ለፊት በአጥሩ ጥግ ሴቶቹ በነጠላ ተሸፋፍነው የመጀመሪያዋን ጩኸት እየጠበቁ ቆመዋል። ፊታቸውን ላለማየት በጓሮ በኩል ዞርኩ። እዚያ፣ ከቤታችን የኋላ ቆርቆሮ አጠገብ፣ በተገለበጠ የሶዳ ሣጥን ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ እግሩ በጀሶ ታሽጓል፣ የተደገፈው የእንጨት ክራንች ነው። ቀና አለ። አባቴ ነው።

እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ጩኸቴን በመዳፉ ነው ያፈነው። መዳፉ ውስጥ ሆኜ ትንሽ ጠበቅኩ፤ እሞት እንደሆነ ለማየት ነው። አልሞትኩም። እንዲያውም መኖሬ እንደዚያ ጊዜ ታውቆኝ አያውቅም።

"መቼ መጣህ?" አልኩት መዳፉ ሲላላ።

"ትናንት ማታ። አቦይ ተኽሌ ሱቅ ነው ያደርኩት።" ከሲታ ሆኗል፣ የለበሰው ኮት የሌላ ሰው ነው። "መኪናው ተገልብጦ ነው። እግሬ ብቻ ነው።"

"ለምን አትገባም?"

"ድንገት ካየችኝ ልቧ ይቆማል አሉኝ። አዘጋጅቻት እጠራሃለሁ አሉ። ሐኪም ናቸው።"

"ድሬሰር ናቸው።"

"ፋጤ፣ ከሞተችብኝስ?" አለ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው፣ ሚስቱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆና፣ ስለሚወዳት ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ አየሁ። አቦይ ተኽሌ "ሁላችንም እንግዶች ነን" እያሉ ነው። እናቴ ግን እሳቸውን አታይም፤ ግድግዳውን ነው የምታየው። ፊቷ ላይ ደም የሚባል አልቀረም። እጆቿ ጉልበቷ ላይ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተቀምጠዋል። ያቺ ሆስፒታል ውስጥ ስቃ የሞተችው እናት ትዝ አለችኝ፤ ብመታውና እናቴ ብትወድቅ ገዳይዋ እኔ ነኝ። ኪባንዳውም ትዝ አለኝ፤ ያ ሁሉ ሰው፣ አንድም ሬሳ የለም። ሁለቱንም አምን ነበር፤ ችግሩ ይህ ነው። በመጨረሻ የወሰነልኝ የእናቴ እጅ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ከዚህ በላይ ሊሞት አይችልም አልኩ።

"ክራንቹን ስጠኝ" አልኩት።

"ምን ልታደርጊ?"

ተቀብዬ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ቆርቆሮውን ባለኝ ኃይል መታሁት። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። የካቶን ትምህርት አልረሳሁም፤ ጩኸቱ ሳይበርድ አፌን ቀዳዳው ላይ ለጥፌ "እማ፣ አባባ ነው፣ አለ፣ እግሩ ብቻ ነው፣ በጓሮ በር እየገባ ነው" አልኩ፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ።

እናቴ ከፍራሹ ላይ ቀጥ ብላ ዘለለች። ራሷ መደርደሪያውን መታው፣ ጽዋው ወደቀ፣ ሐጂ ሙስጠፋ "ላ ኢላሀ" ብለው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። አቦይ ተኽሌ ደረታቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ የዱቄት ገበታ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ክራንቹን ስለወሰድኩበት በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ የበሩን መቃን እየያዘ ገባ።

የእናቴ ዓይን ከፊቱ ወደ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ፊቱ ተመላለሰ። ከዚያ ትከሻውን በጡጫ መታችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

"እግርህን ብቻ?"

"እግሬን ብቻ።"

"እግርህን ብቻ" አለችና ሳቀች። አልወደቀችም። ሳቋ ከሆዷ ነበር የሚመጣው፤ ሳቅ ምን እንደሆነ ረስታ አሁን እንደገና የተማረች ይመስል በየመሐሉ ትንፋሽ ያጥራታል።

ጥግ ላይ የቆሙት ሴቶች ግን የሰሙት ጩኸት ብቻ ነው። ልማዳቸውን አላጎደሉም፤ ደረታቸውን እየመቱ፣ "ወይኔ ሰይዴ፣ ወይኔ ደጉ" እያሉ በፊት በር ግልብጥ ብለው ገቡ። ፊት ለፊታቸው ደጉ ሰይድ በአንድ እግሩ ቆሞ አገኙት። እንዲህ ያለ ዝላይ ኪባንዳ ውስጥ እንኳ አይቼ አላውቅም። የሳባ እናት ነጠላዋ የመብራቱ አምፖል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ እልልታው ጀመረ፤ ወንዶቹም ገቡ፤ ካቶም የቁርስ ባቄላውን የሚያማስልበትን ማንኪያ እንደያዘ፣ ማን ቆርቆሮ መታ ብሎ መጣ።

አቦይ ተኽሌ ከዱቄቱ ተነሥተው፣ ኮታቸው ከወገብ በታች ነጭ ሆኖ፣ የእናቴን አንጓ ያዙ። ለረጅም ጊዜ ቆጠሩ።

"እንዴት ናት?" አለ አባቴ።

"ደህና ናት" አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስላሉ። ደግመው ቆጠሩ። "ከእኔ ይሻላል።"

እናቴ እጇን አስለቀቀች፣ ጥቁሩን ሻሽ ፈትታ ወረወረችው፣ አባቴን ወደ በሩ ገፋችው።

"ውጣ።"

"እ?"

"ውጣና እንደገና ግባ። ፋጤ፣ አንቺም ምቺው።"

አባቴ በሳባ እናት ትከሻ ተደግፎ ወጣ። በሩ ተዘጋ። ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ያዘ። መታሁ፤ ገባ፤ እናቴ ዘለለች፣ ሰዉም አብሮ ዘለለ፣ ሳቁ ቆርቆሮውን አነቃነቀው። "አንድ ጊዜ ደግሞ" አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

አባቴ ሦስተኛውን ሊወጣ ሲል አቦይ ተኽሌ ዱቄታቸውን እያራገፉ ወደ ጓሮ መጡ። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ስጪኝ እስቲ ጓለይ" አሉ፤ "ይቺን እኔ ልምታት።"

ክራንቹን ሰጠኋቸውና በቀዳዳው ለማየት ጎንበስ አልኩ። በሩን ማን ከፍቶ እንደሚገባ የማያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። አቦይ ተኽሌ መቱት። እናቴ ከመጀመሪያው ከፍ ብላ ዘለለች።